የወንድሜ የልብ ወረቀት

ወንድሜ ወረቀቱን ይዞ የገባ ቀን ቤት ውስጥ ስድስት ነበርን። እናቴ በግራ በኩል ባለው መደብ ላይ ተቀምጣለች። አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ከእሷ ቀጥላ ናት፤ ከጠዋት ጀምራ ዳዊቷን ጭኗ ላይ ዘርግታ ይዛለች፣ ገጹን ግን አንድ ጊዜም አልገለጠችም። እህቴ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች። ጎረቤታችን ባለሱቁ ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው በርጩማው ላይ ናቸው። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜያለሁ፤ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ስድስተኛው ወንድሜ ነው። ሃያ ዓመቱ ነበር፤ በሩ ስለማይበቃው እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ገባ።

«ዳንኩ» አለ።

ከደረት ኪሱ ወረቀቱን አውጥቶ ለእናቴ ሰጣት። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ማኅተሙን ግን አየች፣ አይታም ሳመችው።

ያን ጊዜ ላልነበረ ሰው ነገሩን ልግለጸው። ብሔራዊ ውትድርና የታወጀበት ዘመን ነው። ቀበሌው የወጣቶችን ስም ይመዘግባል፤ የተጠራ ሰው ከመገናኛ በታች ባለ ክሊኒክ ይመረመርና ጤነኛ ከሆነ ወደ ማሠልጠኛ ይጫናል። ከሰፈራችን በፊተኛው ዙር ከሄዱት ዘጠኝ ልጆች ደብዳቤ የጻፈው አንዱ ብቻ ነበር። በሽታ የተገኘበት ግን ወረቀት ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሌላም ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው ነገር ነበር፤ አንዳንድ ሐኪሞች አዝነው ለጤነኛ ልጅ በሽታ ይጽፉለታል ይባላል።

«ምን ብሎ ጻፈልህ?» አለች አክስቴ።

«ልብ ነው የሚለው።»

«ልብ!» አሉ ባለሱቁ፣ ጉልበታቸውን መትተው። «ወላሂ ይኼ ሐኪም የዋዛ አይደለም። የዳቦ ቤቱን ሰውዬ ልጅ በኩላሊት ነው ያስቀሩት። ኩላሊት ደግሞ ሽንት ይወሰዳል፣ ይመረመራል፣ ይነቃል። ልብን ማን ከፍቶ ያያል?»

«ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ግድግዳው ጭቃ ነው» አለች እናቴ። ግን እየሳቀች ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

«እንግዲህ በሽተኛ ሆነሃል» አለችው አክስቴ። «ከዛሬ ጀምሮ ስትራመድ እንደ ንጉሥ በቀስታ!»

በማግሥቱ ዶሮ ታረደ። በግ ይታረድ ነበር፣ ነገር ግን በሽተኛ ያለበት ቤት በግ ሲታረድ ሰው ምን ይላል ተባለ።

የእኛ ዘር ረጅም ነው። አባቴ በአውሮፕላን ማረፊያው ዕቃ ጫኝ ነበር፤ ቦሌ መንገድ ላይ ከሩቅ ሲመጣ ከሰው ሁሉ ራሱ ቀድሞ ይታያል። ክንዱ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ይመስላል፤ ጣቶቹ ቀጫጭን፣ ደረቱ መሐል ላይ ወደ ውስጥ የገባ፣ ዓይኑ ደካማ። ወንድሜና እኔ ያንኑ ወረስን። እናቴ ቁመታችንን ማንም እንዲለካው አትፈቅድም፤ የሚያደንቅ ሰው ካለ «ከዓይን ያውጣችሁ» ብላ ወደ ቤት ታስገባናለች። አባቴ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ እያለ ከትከሻና ከትከሻው መሐል አመመኝ አለ፣ ሳይመሽ ሞተ። ብርድ መታው ተባለ። አያቴም እንደዚሁ በብርድ ነው የሞተው። ሰው ከየት ያንን ሁሉ ብርድ ያገኛል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ትምህርት ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ከዚያ በኋላ የማውቀውን ሁሉ ያገኘሁት ከአሮጌ መጻሕፍትና ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ መዝገበ ቃላት ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን የጻፈው በእንግሊዝኛ፣ በእጁ፣ በተጣደፈ ጽሕፈት ነበር። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሦስት ቃላት እስከ መጨረሻው አላገኘኋቸውም፤ የቀረው ግን ይኼን ይል ነበር፦ የልብ በር ያፈሳል፤ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ ሳይሰፋ አልቀረም፤ ከባድ ነገር አያንሳ፤ ለተጨማሪ ምርመራ ይመለስ።

ለእናቴ አነበብኩላት።

«ታዲያ ምን ይበል?» አለችኝ። «ከባድ ነገር ያንሳ ይበል? ሐኪም ሲጽፍ እንዲህ አሳምሮ ነው የሚጽፈው።»

ወንድሜን አየሁት። ጫማውን እያሰረ ነበር፤ ቀና አላለም።

ኑሯችን ከእንጨት ነበር። እናቴ ከገርጂ በኩል በአህያ የሚመጣ የባሕር ዛፍ ግንድ ትገዛለች፣ ወንድሜ ይፈልጠዋል፣ ፍልጡ በእስር ይሸጣል። ወረቀቱ ከመጣ በኋላ ሥራው አልቆመም፤ ተደበቀ እንጂ። ቀድሞ ከአጥር ውጭ ይፈልጥ የነበረውን ከቤቱ ጀርባ፣ በቆርቆሮው አጥርና በግድግዳው መካከል ባለ ጠባብ ቦታ ያደርገው ጀመር። ውጭ ሲወጣ በሽተኛ ነው። እናቴ አለማመደችው። «ትንሽ ጎበጥ በል። አይ፣ እንደሱ ወገቡን እንዳመመው አይደለም፤ እጅህን እዚህ ላይ አድርግ። ዳገቱ ጋ ስትደርስ ቆም በል።» እህቴ እየተከተለችው ታስመስለው ነበር፣ ሁላችንም በሳቅ እንሞታለን።

የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቶ በቀን ሁለት ጊዜ በደጃችን ያልፋል። እህቴ በር ላይ ትቀመጥና ሲመጣ ስታየው ድመት እንደምትጠራ ሆና ትጣራለች። ያኔ ወንድሜ ፋሱን ለእኔ አቀብሎ በጓሮ በር ይገባና መደቡ ላይ ጋቢ ተከናንቦ ይተኛል። እኔ በላብ በራሰው የፋስ እጀታ ሁለት ሦስት ጊዜ እሰነዝራለሁ፤ ግንዱ ንቅንቅ አይልም።

«ወንድምህ እንዴት ነው?» ይለኛል ጠባቂው በአጥሩ ቀዳዳ።

«ደህና አይደለም፣ ጓድ።»

«ይረፍ በሉት። ልብ ክፉ ነው። እናንተም አታስቸግሩት።»

ይሄዳል። ወንድሜ ይነሣል፣ ፋሱን ይቀበለኛል። ያለ ማጋነን ነው የምናገረው፤ ሳያየኝ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። መንገዱ ላይ ማንም የለም፣ ጠባቂው አልፏል፣ እህቴም ገብታለች፤ እሱ ግን ፋሱን ግንዱ ላይ ተክሎ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር። የመጀመሪያው በጥቅምት ነው። ሁለተኛው ከጥምቀት በኋላ።

ለተጨማሪ ምርመራ የተባለው ቀጠሮ አለፈ። እናቴ ሐኪሙን ለማመስገን ቆርጣ ተነሣች፤ አሥራ ሁለት እንቁላል ጭድ ውስጥ ደርድራ በሰፌድ አስያዘችኝና እስከ ክሊኒኩ በእግራችን ሄድን። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ የመነጽሩ አንድ ክንድ በፕላስተር የተጠገነ። ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ከጫፍ ላይ ደግሞ ካኪ የለበሰ አንድ ሰውዬ አለ።

«እንቁላሉን ይዘው ይመለሱ፣ እናቴ» አላት ሐኪሙ። «እኔ የምፈልገው ልጅዎን ነው። ለምን አልመጣም?»

«ተኝቷል፣ ዶክተር። በጣም ታሟል» አለች እናቴ፣ ወንበር ላይ ያሉት እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ሐኪሙ ግራ ገባው። «እኔም የምልዎ እሱን ነው። ልጅዎ በእውነት ታሟል።»

«አዎ፣ በእውነት!» አለችና ጠቀሰችው።

ወደ ካኪ ለባሹ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ነገሩን ያበላሸው ድምፁን ዝቅ ማድረጉ ይመስለኛል። «እናቴ፣ እባክዎ ይስሙኝ፤ የጻፍኩት ውሸት አይደለም።»

«ገብቶኛል የኔ ልጅ፣ ገብቶኛል። እርስዎም እንዲህ ነው ማለት ያለብዎት። እመቤቴ ትጠብቅዎ።»

ያኔ እኔን አየኝ። ሰፌዱን ከእጄ ተቀብሎ መሬት ላይ አኖረውና አውራ ጣቴን መዳፌ ውስጥ አድርጌ እንድጨብጥ ነገረኝ። የአውራ ጣቴ ጥፍር በትንሿ ጣት በኩል ሙሉ በሙሉ ወጣ። ቀጥሎ በአንዱ እጄ የሌላውን አንጓ እንድይዝ አደረገኝ፤ አውራ ጣቴና ትንሿ ጣቴ ተገናኝተው ተደራረቡ።

«አባታችሁ አለ?»

«የለም።»

«በምን ሞተ?»

«በብርድ» አለች እናቴ።

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጨፈነ። «አንተም መመርመር አለብህ» አለኝ። «ወንድምህን ይዘህ ና። በዚህ ሳምንት።»

ከክሊኒኩ ርቀን መንገዱን እስክንሻገር እናቴ በፍጥነት ትራመድ ነበር። ከዚያ ክንዴን ጨመቀችው። «አየህ? ሳልለምነው! ዕድሜህ ሲደርስ ላንተም ሊሰጥህ ነው!»

«እማዬ፣ እውነቱን ቢሆንስ?»

ቆመች። «ወንድምህ ትናንት ስንት ግንድ ፈለጠ?»

«አራት።»

«ልቡ የታመመ ሰው አራት ግንድ ይፈልጣል? መልስልኛ! ደግሞ ስማኝ፤ ሄደህ ‹እውነት ነው ወይ› ብለህ ብትጠይቅ ያን የእናት ልጅ ታስገድለዋለህ። ይኼን አትርሳ።»

ያሳመነችኝ በዚህኛው ነው። ስለ ወንድሜ ሳይሆን ስለ ሐኪሙ ፈራሁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሐኪሙ ወደ ሰሜን ተዛወረ የሚል ወሬ ባለሱቁ ይዘው መጡ። ቤታችን ውስጥ ማንም ምክንያቱን አልጠየቀም፤ ነቁበት አልን በልባችን። ከዚያ ወዲህ ስለ ወረቀቱ በሹክሹክታም ቢሆን ማውራት ቀረ።

የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ነበር፤ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ። ለበዓል እንጨት የሚፈልግ ብዙ ነው። ወንድሜ ከንጋት ጀምሮ ሲፈልጥ ነበር፤ አምስተኛው ግንድ ላይ ሽብልቁን መትቶ ሊሰነጥቀው ነው። ፋሱን ከራሱ በላይ አነሣ። ሲወርድ ግንዱን ስቶ መሬቱን መታው። ፋሱን ለቀቀውና በሁለት እጁ ደረቱን ይዞ ተንበረከከ።

እህቴ ከበር ሮጣ መጥታ ሳቀች። «ማንም እኮ የለም! አልጠራሁህም!»

«ተቀደደ» አለ ወንድሜ። «እዚህ ተቀደደ፤ ወደ ጀርባዬ።»

እህቴ አሁንም ትስቃለች። ይኼን የምጽፈው እሷ ስለፈቀደችልኝ ነው። ፊቱን ስታይ ነው ያቆመችው፤ አመድ መስሎ ነበር፣ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል።

አስገብተን አስተኛነው። እናቴ ብርድ ነው አለች፤ ሌላ ቃል ሳትፈልግ ነው ከአፏ የወጣው። አክስቴ ጀርባውን በቅቤ አሸችው፤ በነካችው ቁጥር ይጮሃል። «ግራ እግሬ ቀዘቀዘ» አለ ወንድሜ። ነካሁት፤ እንደ ውጭ ድንጋይ ነው፤ ቀኙ ግን ይሞቃል። የሁለቱን እጆቹን አንጓ ያዝኩ። ከቀኙ የደም ሥሩ በፍጥነት ይመታል። ከግራው ምንም የለም። ቦታው ተሳስቶብኝ እንደሁ ብዬ የራሴን ነክቼ አረጋገጥኩ፣ ተመልሼ ነካሁት። ምንም።

«እማዬ፣ ወረቀቱ እውነት ነው» አልኳት።

አየችኝ። ነጠላዋን አንስታ ወደ ባለሱቁ ሮጠች።

ባለሱቁ የወንድማቸውን ፒካፕ ለምነው እስኪያመጡ ስድስት ሰዓት ሆነ። ወንድሜ ከኋላ፣ ፍራሽ ላይ፣ ራሱ እናቴ ጭን ላይ ነው፤ እግሩ ከፍራሹ ስለተረፈ እኔ ይዤዋለሁ። በገርጂ በኩል ያለው መንገድ አቧራና ጉድጓድ ነበር። እናቴ «ቀስ! ቀስ!» ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ «ፍጠኑ!» ትላለች። አንድ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በላያችን አለፈ፤ ወንድሜ በዓይኑ ተከተለው። መገናኛ ከመድረሳችን ትንሽ ቀደም ብሎ «እማዬ» አለ፣ ተራ ነገር ሊጠይቅ እንደፈለገ ሰው። ሌላ አልተናገረም። ሆስፒታል ስንደርስ ያወረዱት ሬሳውን ነው።

ለቅሶው ላይ ድንኳን የተከለልን ቀበሌው ነበር። አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን ትቶ መጣና ከእናቴ አጠገብ ተቀምጦ አለቀሰ። «ሁልጊዜ ይረፍ እላቸው ነበር» ይላል ለሰዉ። «ልቡን ታሞ እኮ ነበር፤ ዳገቱ ላይ ሲያርፍ አየዋለሁ።» እናቴ ሲናገር ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ወንድሜ ታሟል ብለው ያመኑት እኛ ስንፈራቸው የኖርናቸው ሰዎች ብቻ ነበሩ። የእኛ ቤት አላመነም።

ከአርባው በኋላ ብቻዬን ወደ ሆስፒታል ሄድኩ። ከሦስት ጊዜ ምልልስ በኋላ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሐኪም ደረቴ ላይ ማዳመጫቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ ሰሙ፤ ዓይኔንም በመብራት አዩ፤ ክንዴን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁመቴን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። አካልን አያይዞ የሚይዘው ነገር በእኛ ዘር ከተፈጥሮው የላላ ነው አሉኝ። ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል። ቁመቱም፣ ጣቱም፣ የዓይኑ ድካምም ከዚያው ነው፤ የሚገድለው ግን ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ ነው፤ እየሰፋ፣ እየሳሳ ይሄድና አንድ ቀን ግድግዳው ይቀደዳል።

«ወንድሜ ቢያርፍ ኖሮ ይተርፍ ነበር?» አልኳቸው።

«ዕድሜ ያገኝ ነበር» አሉ። «ስንት እንደሆነ እኔም አልነግርህም።»

ለእኔ የልብን ምት የሚያበርድ ክኒን ሰጡኝ፤ ከባድ ነገር እንዳላነሣ አስጠነቀቁኝ። እህቴ ተመርምራ ነጻ ሆነች። ዕድሜዬ ደርሶ ቀበሌው ሲጠራኝ እኔም ወረቀት ተሰጠኝ፤ ቃል በቃል ለመባል ትንሽ የቀረው፣ የወንድሜን የሚመስል። እናቴ አልሳመችውም። ከእጄ ተቀብላ ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት፤ ግንዱንም ሁሉ በዚያው ሳምንት ለጎረቤት ሸጠች።

አሁን ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ያ መንግሥት ስለወደቀ ይኼን ቢጽፉት የሚጎዳ ሰው የለም። የጻፍኩትን ለቤተሰቤ አንብቤላቸዋለሁ። አክስቴ ዳዊት ሳይሆን ውዳሴ ማርያም ነው የያዝኩት አለች። እህቴ ድመት ሳይሆን ዶሮ ነበር የምጠራው ትላለች። ባለሱቁ ፒካፑ የወንድማቸው ሳይሆን የአማቻቸው መሆኑን አርመውኛል። እናቴ ሰምታ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «እሱ ያውቅ ነበር?»

ዳንኩ ብሎ የገባው የሐኪሙን ቃል ስላልሰማ ነው? ወይስ ሰምቶ፣ እናቴ ስትስቅ ሲያይ ዝም ማለትን መርጦ? ስምንት ዓመት ሙሉ አስቤበት ከሁለቱ አንዱን መያዝ አቅቶኛል።

ስለዚህ የምጠይቀው እናንተን ነው፤ በዚያ ጠዋት ከመገናኛ በታች ባለው ክሊኒክ ከወገብ በላይ ተራቁታችሁ ተሰልፋችሁ የነበራችሁትን። ከእናንተ መካከል ከዘመቻው ተመልሶ ይኼን የሚያነብ ካለ ወንድሜን አያጣውም፤ ከሁሉም በአንድ ራስ ያህል ይረዝም ነበር። የምርመራው ክፍል በር አልነበረውም፣ መጋረጃ ብቻ ነው ብለውኛል። ሐኪሙ ምን አለው? በአማርኛ ነገረው ወይስ ጽፎ ብቻ ሰጠው? ወንድሜስ ምን መለሰ? ሲወጣ ሸሚዙን ወዲያው ለበሰ ወይስ ይዞት ቆመ? የሰማችሁት አንድ ቃልም ቢሆን ንገሩኝ። እርግጠኛ ካልሆናችሁም ንገሩኝ፤ እርግጠኛ አለመሆናችሁን አብሬ እጽፈዋለሁ።